አምበሉ የተቀመጠበት ቅዳሜ

ሐሙስ ጠዋት፣ ከመጫወቻ አዳራሹ በላይ ባለችው ጠባብ የአሰልጣኞች ክፍል ውስጥ፣ ረዳት አሰልጣኟ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆማ ከራሷ ጋር ትሟገታለች። ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ክብ ማግኔቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ተጫዋች ቁጥር ተጽፏል። በግራ በኩል የተለጠፉት አምስቱ ጨዋታ የሚጀምሩት ናቸው። በቀኝ ያሉት ሰባቱ ወንበር ላይ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስድስት ቁጥርን አነሳች፣ መለሰች። አሥራ አንድ ቁጥርን ከዘጠኝ ቁጥር ጋር አቀያየረች፤ እንደገና እንደነበሩ አደረገቻቸው። አራት ቁጥርን ብቻ አልነካችም። እጇ ወደ እሱ ሲያመራ ወይ ጸጉሯን ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ ወይ የቀዘቀዘ ሻይዋን ታነሳለች።

አራት ቁጥር አምበሉ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ የቅርጫት ኳስ አደራጅ። የቡድን ጓደኞቹ «ቁጥብ» ይሉታል። አንድ ቃል ከበቃ ሁለት አይናገርም፤ ኳሷን አንዴ ማንጠር ከበቃ ሁለቴ አያነጥርም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ቡድን ጨዋታ የጀመረው በእሱ እጅ ነው። ድምፅ ማጉያው የአምስቱን ስም ሲያነብ ደጋፊው የእሱን አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይጮኸዋል።

ዋናው አሰልጣኝ አባቷ ናቸው። ከአምስት ቀን በፊት የሐሞት ጠጠር ድንገት ሰቅዞ ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ሐኪሙ ግን ለሁለት ሳምንት እንዳይነሡ፣ በተለይ ደግሞ እንዳይጮኹ አዘዛቸው። ሳይጮኹ ማሠልጠን እንደማይችሉ እሳቸውም አልካዱም። ስለዚህ የግማሽ ፍጻሜው ሦስተኛና የመጨረሻ ጨዋታ በልጃቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። ሁለቱ ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ ተሸናንፈዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ያሸነፈ ለዋንጫ ያልፋል፤ የተሸነፈ ጓዙን ጠቅልሎ ቤቱ ይገባል።

ነገሩ ውስብስብ አልነበረም፤ ያስጨነቃትም እሱ ነው። ባለፉት ሁለት ጨዋታዎች ቋሚዎቹ አምስቱ ሜዳ ውስጥ ሳሉ ቡድኑ ከተጋጣሚው እኩል ይሄዳል። አምበሉ ትንፋሹን ሊሰበስብ ወጥቶ ተቀያሪዎቹ ሲገቡ ግን ኳስ ይዞ የሚያረጋጋቸው ሰው አጥተው ይተራመሳሉ። በመጀመሪያው ጨዋታ እሱ በተቀመጠባቸው ደቂቃዎች ብቻ አሥራ አራት ነጥብ፣ በሁለተኛው አሥራ አንድ ነጥብ ተበለጡ። በዚያ ላይ የአምበሉ እግር ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ደህና አድርጎ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ ልቡ የሚያዘውን እግሩ አይሰማም። መፍትሔው ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ሃያ ሁለት ዓመቱ የሆነው፣ ሜዳ ላይ ከራሱ ጥላ የሚሽቀዳደመው፣ «ጥድፊያ» የሚሉት ወጣት ጨዋታውን ይጀምር፤ አምበሉ በሰባተኛው ደቂቃ ከተቀያሪዎቹ ጋር ይግባና እነሱን ይምራ። ማንም ሂሳብ የሚችል ሰው የሚደርስበት ነገር ነው።

ሂሳብ የማይደርስበት ግን አንድ ጉዳይ ነበረ። ረዳቷ አራት ቁጥርን ትወደዋለች።

የጀመረው ከስምንት ወር በፊት ነው። ከሜዳቸው ውጪ ተጫውተው በአውቶቡስ ሲመለሱ ተጫዋቾቹ ሁሉ እንደልማዳቸው ከእሷና ከኮምፒውተሯ ሸሽተው ወደ ኋላ ተኮልኩለዋል። ስህተቱን በፊልም ማየት የሚወድ ማን አለ። እሱ ግን መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ያበላሻቸውን ብቻ እንድታሳየው ለመናት። አራት ሰዓት ሙሉ ስህተቱን አብረው ተመለከቱ። ከዚያ የኮምፒውተሩ ባትሪ አለቀ። እሱ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ እሷም ሂድ አላለችውም።

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። አባቷ በየዓመቱ መጀመሪያ ቡድኑን ሰብስበው «እዚህ ቤት ውስጥ የሚወደደው ኳስ ብቻ ነው» የሚሉት ሕግ አላቸው። ከሕጉ ባሻገር ደግሞ እናቷ አሉ። እናቷ የፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው። አባቷ ፊሽካ ከሚነፋው ዳኛ ጋር ሳይጣሉ ያለፉበት ሳምንት የለም፤ እቤት ካለችው ዳኛ ጋር ግን አንድም ቀን ሞክረውት አያውቁም። እኚህ እናት ለልጃቸው ያሰቡት ሰው አላቸው፤ የሥራ ባልደረባቸው ልጅ፣ ጠበቃ፣ ሰላምታው እንኳ በአንቀጽ የተከፋፈለ።

ቁጥብ ደግሞ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነው። እናቱ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የቡድኑን ማሊያና ፎጣ አጥበዋል። ተጫዋቹ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። ረዳቷ በየጠዋቱ በበራቸው ስታልፍ «ደህና አደሩ እማማ» ትላለች፤ እሳቸውም ቀና ብለው «እግዜር ይመስገን፣ እርስዎስ» ይላሉ። ልጃቸው ልትሆን በምትችል ሴት ላይ ያ «እርስዎ» ሲወድቅ በየጠዋቱ አንድ ነገር ይወጋታል። ሆኖም ቆማ አታውቅም። ሥራ አለባት፣ ሰው ያያታል፣ ነገ ይሻላል፤ ሁልጊዜ አንድ ምክንያት አይጠፋም።

ማግኔቱን አነሳችው። ቀዝቃዛና ቀላል ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ አሻግራ ስትለጥፈው ከአፏ «ይቅርታ» የሚል ቃል አመለጣት። ማግኔት ይቅርታ የጠየቀ አሰልጣኝ ከእሷ በፊት መኖሩን እንጃ። አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነው ያሻገረችው፤ ግን አንድ ሰው ሸኝታ ከጣቢያ የተመለሰች ያህል ተሰማት።

* * *

ከሰዓት በኋላ አባቷ ከአልጋቸው ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ነርሷ በአቅራቢያው ነበረች ማለት ነው። አሰላለፉን እንዳትነካካ፣ ባለ አራት ቁጥሩ ሳይኖር ጨዋታ መጀመር ቤት ያለ በር እንደመሥራት መሆኑን ነገሯት። እሷ «እሺ አባዬ» አለች። ያቺ «እሺ» ሰምቻለሁ ለማለት ትሁን አደርገዋለሁ ለማለት፣ ሁለቱም ሳይጠያየቁ ስልኩን ዘጉ።

ልምምዱ ሲያልቅ እንደወትሮው ሐሙስ ከቁጥብ ጋር እስከ አውቶቡስ ፌርማታው በእግር ሄዱ። ሰው እንዳይጠረጥር ክንድ ያህል ተራርቀው ነው የሚሄዱት። ወሬው ሁሉ ስለ ቅዳሜ ነበር፤ እሷ ግን ዋናውን ሳትነካ ዙሪያውን ትዞራለች። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ዐይኗን አይቶ ምን እንደሆነች ጠየቃት። ምንም አለችው። ሊረዳት የፈለገ ይመስል አሰላለፉን ጨርሳ እንደሆነ ደግሞ ጠየቃት። ገና ነኝ አለች። አውቶቡሱ መጣ፤ እሱ ገባ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች። ዋሽታው እንደማታውቅ ትዝ አላት፤ ከዛሬ በስተቀር።

አርብ በማለዳ ወረቀቱን በመልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። አምስት ስም ከላይ፣ ሰባት ስም ከታች፤ በየስሙ ትይዩ ማን በስንተኛው ደቂቃ ማንን እንደሚተካ ተጽፏል። ከዚያ ሌባ ይመስል ፈጥና ወጣችና ከላይ በክፍሏ መስኮት ልምምዱ እስኪጀመር ጠበቀች።

ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ወጡ። «ምሰሶ» የሚሉት፣ የቡድኑ ረጅሙ ሰው፣ አንገቱን እየነቀነቀ ነው። ጥድፊያ ፊቱ ዐመድ መስሏል፤ ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዙት። ቁጥብ መጨረሻ ላይ ወጣ። የተቀያሪዎቹን መለያ አንሥቶ ለበሰና እንደማንኛውም ቀን፣ ምናልባትም ከማንኛውም ቀን በላይ፣ ተሯሯጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። በዐይኑ ውስጥ ቁጣ ብታገኝ ይቀላት ነበር። ያየችው ግን አንድን ነገር ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ያጣ ሰው አስተያየት ነው።

ልምምዱ አልቆ ወደ ኮሪደሩ ስትወርድ የቡድኑ ወጌሻ አገኛትና አምበሉ ሎከሩን ባዶ አድርጎ ዕቃውን በቦርሳ ይዞ መውጣቱን በጆሮዋ ነገራት። ክፍሏ ስትመለስ ከበሩ ሥር የገባ እጥፍ ወረቀት ወለሉ ላይ አገኘች። የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ቆማ ማንበብ አልቻለችም፤ ተቀመጠች።

«ወንበሩ ቦታዬ መሆኑን ካንቺ በፊት አውቄዋለሁ» ይላል ወረቀቱ። «ስህተቴን ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽ? የዛሬ ወር ለአባትሽ ይህንኑ ጽፌላቸው ነበር፤ መልስ አልሰጡኝም። ስለዚህ መቀመጤ አላመመኝም። ያመመኝ ከግድግዳ ላይ ማንበቤ ነው። ትናንት ፌርማታው ጋ ቆመሽ ነበር። ጠየቅኩሽ። እናቴን በየጠዋቱ ሰላም ብለሻት ታልፊያለሽ፤ እኔንም ዛሬ እንደ እሷ አለፍሽኝ። እኔ ብዙ ቃል የለኝም፤ ከሰው ብዙ ቃል አልጠብቅም። ግን አንዲት ቃል ከአፍሽ መስማት ያምረኛል። በሰው ፊት ያልተነገረ ነገር አንዳንዴ እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ። ቅዳሜ የሚገባኝን እሠራለሁ፤ ለዚያ አትጨነቂ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስለ ቅዳሜ እንዳትጨነቅ ነግሯታል፤ ከቅዳሜ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን አንድም ቃል የለም። ሎከሩም ባዶ ነው። እንባዋ ሳይሆን መጀመሪያ የመጣባት ሐፍረት ነበር፤ ሞቆ ከአንገቷ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ የደረሰ ሐፍረት።

* * *

ሆስፒታል ስትደርስ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። አባቷ ትራስ ተደግፈው፣ እናቷ አጠገባቸው የሥራ ወረቀት ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወዲያው ወደ ነገሯ ገባች። ከቁጥብ ስለተጻፈ ደብዳቤ ጠየቀቻቸው።

አባቷ ለአፍታ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ጎናቸው ያለውን መሳቢያ ሳቡና ከመነጽራቸው ቤት ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ወር ሙሉ ከኪስ ወደ ኪስ፣ አሁን ደግሞ ሆስፒታል ድረስ ይዘውት ሲዞሩ ከርመዋል። ትክክል ነበር አሉ። ልጁ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነበር። እሳቸው ሃያ አንድ ዓመቱ ሳለ ነው ቋሚ ያደረጉት፤ ያኔ ሰው ሁሉ ሲስቅባቸው እሳቸው ብቻ አምነውበት ነበር።

«እሱን ካስቀመጥኩት ቀጥሎ የምቀመጠው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ» አሉ። «ለቡድኑ ብዬ አይደለም ያቆየሁት። ለራሴ ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። እጃቸውን ያዘች። እሳቸውም አሰላለፉ የእሷ መሆኑን፣ ከእንግዲህ አንድም ማግኔት ከአልጋ ሆነው እንደማያንቀሳቅሱ ቃል ገቡላት። ቀጥለው ግን ዐይናቸውን አጥብበው የልጁ ደብዳቤ እሷን ይህን ያህል ያስደነገጠበትን ምክንያት ጠየቁ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ስምንት ወር የለመደችው መንገድ ነው። እናቷ ብዕራቸውን አስቀምጠው እያዩዋት ነው።

«እወደዋለሁ» አለች። «ከስምንት ወር ጀምሮ። አባዬ፣ ሕግህን ጥሻለሁ። እማዬ፣ የእማማ ልጅ ነው፤ የልብስ አጣቢዋ። ላገባው ነው የምፈልገው፣ እሱ እስካሁን ከፈለገኝ።»

አባቷ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ስፌታቸው ቆነጠጣቸውና ሆዳቸውን ያዙ። በቡድኑ ውስጥ ሌላ ሰው ብትመርጥ ኖሮ እንደሚቆጡ፣ ከእሱ የተሻለ ግን እንደሌለ ተናገሩ። እናቷ ግን እንደ ችሎት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ስለ ሰውየው ምንም እንደማያውቁ፣ በማያውቁት ነገር ላይ ደግሞ ፈርደው እንደማያውቁ ገለጹ።

«ጉዳዩን ለቀጠሮ አቆየዋለሁ» አሉ። «ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።»

ልጃቸው ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ደረጃውን ስትወርድ እግሯ ቀሎ ነበር፤ ልቧ ግን አሁንም ፈርቷል። ለመንገር የሚከብደው ሰው ገና አልተነገረውም።

* * *

የእማማ ክፍል በር ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው። ሦስት ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖች ይጉረመረማሉ፤ አየሩ ሞቃትና የሳሙና ሽታ ያለው ነው። እማማ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ያጥፋሉ። ከጠረጴዛው ማዶ ልጃቸው፣ አራት ቁጥሩ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ያግዛቸዋል። የሚያጥፈው ፎጣ ከእናቱ ፎጣ እኩል አይሆንለትም፤ እማማ ሳይናገሩ እየፈቱ መልሰው ያጥፉታል። ቦርሳው እግሩ ሥር ተቀምጧል።

እሱ ቀና አለ። እሷ ግን መጀመሪያ ወደ እማማ ዞረች።

እማማ እንደልማዳቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ምን ጎድሎባት እንደመጣች ጠየቋት፤ በዚያው በ«እርስዎ» ቃል። የነገ ማሊያ ዝግጁ ነው አሏት።

«ለማሊያው አይደለም የመጣሁት እማማ» አለች። «ልጅዎን እወደዋለሁ። በየጠዋቱ በዚህ በር ሳልፍ ይህን ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። አልፌዎት ሄጃለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ከኋላዋ አንዱ ማሽን ዑደቱን ጨርሶ ጸጥ አለ። እማማ በእጃቸው ያለውን ፎጣ እስከ መጨረሻው አጠፉት፣ ክምሩ ላይ አኖሩት፣ በመዳፋቸው ደለደሉት።

«ሃያ ዓመት ልብስ ያጠበ ሰው የማያውቀው ምን አለ» አሉ። «የሱ ሹራብ ያንቺን ሽቶ ይሸታል። ያንቺ ሹራብ ደግሞ የሱን የጉልበት ቅባት። መች ትናገር ይሆን እያልኩ እኮ ነው ቆሜ የምጠብቅሽ። ነይ ተቀመጪ።»

ረዳቷ ሰማችው። ነይ። ተቀመጪ። «እርስዎ» ከመሃላቸው ወድቆ የት እንደገባ አልታወቀም። ከሐሙስ ጠዋት ጀምራ የያዘችው እንባ አሁን ወረደ። እማማ ገና ከማሽን የወጣ ሞቃት ፎጣ ሰጧትና በሚቀጥለው ክፍል የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ተናግረው ወጡ። በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ያለው የውሃ ቧንቧ ብቻ መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ።

ሁለቱ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቀሩ። ለአባቷና ለእናቷ መናገሯን ነገረችው። ደብዳቤውን ማግኘቷን፣ ያለው ሁሉ ልክ መሆኑን፣ ትናንት ፌርማታው ጋ ፈርታ መዋሸቷን አልደበቀችውም። ከዚያ ስለ ሎከሩ ጠየቀችው። ባዶ አድርገሃል አሉኝ፤ ልትሄድ ነው ወይ አለችው።

ግራ ገብቶት አያት። ከዚያ ገባውና ከቀኑ መጀመሪያ ጀምሮ ያልታየው ፈገግታ በአንዱ ጉንጩ በኩል ብቅ አለ። በመልበሻ ክፍሉ በመስኮቱ በኩል ያሉት አምስት ሎከሮች የቋሚዎቹ ናቸው፤ የቆየ ደንብ ነው። እሱ ቦታውን ለጥድፊያ ለቅቆ ወደ ማዶ መዛወሩ ነበር። የማዶው ሎከር መቆለፊያ ስለተበላሸ እስኪሠራ ዕቃውን እናቱ ጋ አምጥቶት ነው። ስታለቅስ የነበረችው ሴት በፎጣው ውስጥ መሳቅ ጀመረች።

እሱ ግን አልሳቀም። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ ከፊቷ ቆመ።

«አሁን ንገሪኝ» አላት። «ወረቀቱን ሳይሆን። አንቺ ንገሪኝ።»

ዐይኗን ጠረገች።

«ነገ ጨዋታ አትጀምርም» አለችው። «ስድስት ደቂቃ ከእኔ አጠገብ ትቀመጣለህ። ሰዉ ስምህን ይጠራል፤ እኔ አላስገባህም። በሰባተኛው ደቂቃ ከአራቱ ተቀያሪዎች ጋር ትገባለህ፤ ምክንያቱም እነሱ አንተን ሲያዩ አይፈሩም። ሁለተኛውን ሩብ ስምንት ደቂቃ ትጫወታለህ። ከእረፍት በኋላ አሳርፍሃለሁ፤ ጉልበትህ ሲደክም የግራ ትከሻህ ዝቅ ይላል፣ አውቀዋለሁ፣ ከወንበር ሆኜ አያለሁ። መጨረሻው ላይ ትገባለህ። ከቡድኑ ሁሉ የምተማመንብህ አንተን ስለሆነ ነው ያስቀመጥኩህ።»

እሱ ሲያዳምጥ ዐይኑን አልነቀለም። ሌላ ወንድ ሌላ ቃል ይጠብቅ ይሆናል። ቁጥብ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የግራ ትከሻው ዝቅ ማለቱን ማንም እንዳላየለት ያውቃል። እጇን ወስዶ ደረቱ ላይ አኖረው። «ሰማሁ» አለ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልጨመረም። እሷም ሌላ አልፈለገችም። በሳሙና ሽታ መካከል፣ በነጭ ፎጣ ክምር አጠገብ፣ ስምንት ወር ሙሉ ተሸክማ የዞረችው ነገር ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ያወቀችው ስታወርደው ነው።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ እስከ ጣሪያው ሞላ። ድምፅ ማጉያው የአምስቱን ስም ሲያነብ ደጋፊው እንደለመደው አራት ቁጥርን ቀድሞ ጮኸ፤ የተጠራው ግን የጥድፊያ ስም ነበር። ግራ የተጋባ ጉምጉምታ ከፎቅ እስከ ታች ተንከባለለ። አምበሉ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሰው ሁሉ በላይ አጨበጨበ። ጉምጉምታው ቀስ በቀስ በረደ።

ጅማሬው አላማረም። ጥድፊያ ሁለት ኳስ ከእጁ አመለጠው፤ ተጋጣሚው አሥራ አራት ለዘጠኝ መራ። ከወዲያ በኩል «ቁጥብ፣ ቁጥብ» የሚል ጥሪ ተነሣ። ረዳቷ በላብ የራሰ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ሰዓቱን ጠበቀች። ስድስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ብቻ ዞር ብላ አየችው። እሱ ቀድሞ ተነሥቷል።

ከዚያ የሆነውን ያዩት ሁሉ በደስታ ያወሩታል። ከአራቱ ተቀያሪዎች ጋር ገብቶ ኳሷን በእጁ ሲይዛት ሜዳው ረጋ። አንዱን በዐይኑ ይጠቁመዋል፣ ሌላውን በእጁ ይገፋዋል፤ ሁለት ጨዋታ ሙሉ ሲደነባበሩ የነበሩት ልጆች መንገዳቸውን አገኙ። ሁለተኛው ሩብ ሲያልቅ ቡድኗ አርባ አንድ ለሠላሳ ሦስት እየመራ ነበር። የወጌሻው ስልክ በኪሱ ውስጥ ክፍት ሆኖ አባቷ ከአልጋቸው ጨዋታውን በጆሮ ሲከታተሉ ነበር፤ ሦስተኛው ሩብ ላይ ግን ነርሷ ሲጮኹ ሰምታ ስልካቸውን ነጠቀቻቸው። ረዳቷ ቀና ብላ ወደ መቀመጫዎቹ ስታይ እናቷ አሉ፤ ከአጠገባቸው እማማ። ሠላሳ ዓመት የአሰልጣኝ ሚስት ሆነው የጨዋታውን ሕግ ያልተማሩት ዳኛ ጆሯቸውን ወደ እማማ አዘንብለው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ እማማ በጣታቸው ሜዳውን እያሳዩ ያስረዳሉ።

ተጋጣሚው እጅ የሚሰጥ አልነበረም። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሰባ አንድ እኩል ሆኑ። በዕቅዱ መሠረት አምበሉ ጥድፊያን ተክቶ የሚገባበት ሰዓት ነው። ተነሣ፣ ጃኬቱን አወለቀ፣ ከረዳቷ ጎን ቆመ። በዚያች ቅጽበት ጥድፊያ ከተጋጣሚው እጅ ኳስ ነጥቆ ሮጦ አስገባ። ተመልሶ ሲከላከል ደግሞ ሌላ ኳስ አስጣለ። ዐይኑ ውስጥ ያ የአርብ ጠዋት ፍርሃት የለም።

ቁጥብ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ልጁ ይጨርስ» አላት። «ነፍስ ዘርቷል።»

አየችው። ትናንት መጨረሻው ላይ ትገባለህ ያለችው እሷ ናት። አዳራሹ ሙሉ እየጠራው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰዓት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስንት ጊዜ ይመጣል። በፊቱ ላይ ግን የሚቆጭ ነገር ፈልጋ አጣች። ያው ሜዳውን አንብቦ የጨረሰ ሰው ፊት ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ የራሱን ስህተት ሲያይ የነበረው ዓይነት።

«ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። የመጨረሻው ደቂቃ ላይ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ሰባ አምስት እኩል ነበሩ። ጥድፊያ ኳሷን ይዞ መሃል ላይ ቆመ። እንደሚጣደፍ ሁሉም ጠበቀ፤ አልተጣደፈም። ሰዓቱ አሥራ አንድ፣ አሥር፣ ዘጠኝ ሲል ቆየና ድንገት ሰብሮ ገባ፤ ሁለት ሰው ሲዘጉበት ከክንዳቸው ሥር ለምሰሶ አቀበለው። ምሰሶ እጁን ዘርግቶ ቅርጫቱ ውስጥ አኖራት፤ እንቁላል ጎጆ ውስጥ እንደማስቀመጥ። ተጋጣሚው ከሩቅ የወረወራት የመጨረሻ ኳስ ብረቱን መታ አድርጋ ወጣች፤ ፊሽካው ተነፋ።

አዳራሹ በጩኸት ፈረሰ። ተቀያሪው፣ ወጌሻው፣ ሁሉም ወደ ሜዳው ፈሰሰ፤ ጥድፊያን ከመሬት አነሡት። ረጅሙ ወንበር ባዶ ሆኖ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩበት። አምበሉ አሥራ ሁለት ዓመት የጨዋታን መጨረሻ ከዚህ ቦታ አይቶ አያውቅም። ትከሻው ትከሻዋን ነክቷል፤ ትከሻውን ለማራቅ አልሞከረም፣ የእሷም ባለበት ቀረ። ከፊታቸው አራት ሺህ ሰው አለ፤ እናቷም አሉበት። ሄደን ልጆቹን እናቅፋቸው አላት። እሺ አለችው። የሚሄዱት ግን ትንሽ ቆይተው ነው፤ አንድ ደቂቃ ብቻ፤ አይቸኩሉም።